ክርክር፦ የባዮሎጂ ምርምር መሣሪያ እንሥራ ወይስ የተበላሸው ይጠገን? (ሰበታ፣ ቂሊንጦ፣ አቃቂና ሆለታ ተናጋሪዎቹ በየመጡበት ቦታ የተጠሩባቸው ስሞች ናቸው።)

ሰበታ፦ ትናንት ቱሉ ዲምቱ በነበረው ውይይት አንድ የበጀት ኃላፊ «የምርምር መሣሪያ መፈልሰፍ የሀብታም አገር ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የተበላሸው ይጠገን» ብለው ተጨበጨበላቸው። በንዴት ነው የወጣሁት። ለመግዣ ሲጠየቅ ገንዘብ ይገኛል፤ ለመሥራት ሲጠየቅ ጆሮ ዳባ ልበስ!

ቂሊንጦ፦ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ናሙና በፍጥነት እያዞረ የሚለየው ማሽናችን፣ ሴንትሪፉጁ፣ ቆሞ ተማሪዎቼ ናሙና ይዘው የሌላ ተቋም ደጅ ይጠናሉ። እሱ ሳይነሣ ስለ ፈጠራ አታውሩኝ። የተበላሸው ይጠገን።

አቃቂ፦ የጥገና ባለሙያ ነኝ። ምኑ ነው የተበላሸው?

ቂሊንጦ፦ የክዳኑ መቆለፊያ ውስጥ ያለች ትንሽ ማብሪያ። ክዳኑ ቢገጥምም ማሽኑ መዘጋቱን ስለማያውቅ አይዞርም። ሞተሩ ደኅና ነው። መለዋወጫዋ በውጭ ምንዛሪ ትመጣለች ተብለን እየጠበቅን ነው።

አቃቂ፦ እንግዲህ «ይጠገን» ስትሉ ማን ይጠግነው? አቻዋን ፈልጎ፣ ክዳኑ በትክክል ካልተዘጋ ሞተሩ እንዳይነሣ አድርጎ የሚገጥም ሰው ከየት ይመጣል? መሣሪያ ሲሠራ ከዋለበት ወርክሾፕ ነው የሚወጣው። ወርክሾፑን ከልክሎ ጥገና መጠየቅ ምን ማለት ነው?

ቂሊንጦ፦ መጠገንና መፈልሰፍን አትቀላቅል፣ ወንድሜ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ኤሪክ ቤትዚግ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ያገኘበትን ማይክሮስኮፕ ከባልደረባው ከሃራልድ ሄስ ጋር የገጣጠመው በሄስ ሳሎን ውስጥ ነው። ሁለቱም ያኔ ሥራ አልነበራቸውም። ታላቅ ተቋም እስኪቆም አልጠበቁም።

ቂሊንጦ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለቱም ቀድሞ ቤል ላቦራቶሪ በተባለው ታዋቂ የአሜሪካ የምርምር ተቋም የሠሩ ናቸው። እርስዎ ያመጡት ምሳሌ ራሱ የሀብታም አገር ነው።

ሰበታ፦ ታንዛኒያስ ሀብታም ናት? ኦፕንፍሌክሸር የተባለው ማይክሮስኮፕ ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አካሉ በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማል። እዚያው ታንዛኒያ ተሠርቶ ለወባ ምርመራ ተሞክሯል። ሲሰበር የተሰበረውን ክፍል እንደገና አትሞ መግጠም ነው። «ይጠገን» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አለ?

ሆለታ፦ ታንዛኒያ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ቢጫ ዋግ የተባለውን የስንዴ በሽታ ዝርያ መለየት ናሙና ውጭ ልኮ ወራት መጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሆለታ ላይ በተሞከረው ማርፕል በተባለው ዘዴ ግን በእጅ በሚያዝ የዲኤንኤ ማንበቢያ በቀናት ውስጥ ይለያል።

ቂሊንጦ፦ ማንበቢያው የእንግሊዝ ኩባንያ ምርት ነው። ገዝታችሁ ነው የተጠቀማችሁት፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ሆለታ፦ የእኛ ተመራማሪዎች አብረው ያዳበሩትን ሥራ «ገዛችሁ» ብሎ ማጣጣል ነውር ነው!

ሰበታ፦ ሆለታ ሁልጊዜ ለሆለታ ብቻ ነው የሚከራከረው። የእንስሳት በሽታ ምርመራው ከሰበታ ነው የሚወጣው፤ እኛን ማን አነሣን?

ሆለታ፦ ስንዴ ለማንሣት የሰበታ ፈቃድ ያስፈልጋል?

የጤና ባለሙያ፦ የሰፈር ጉዳይ ይቆየን። የወባ ፈጣን መመርመሪያዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። በአገራችን የዚህ ዘረመል የጎደለው ጥገኛ ተውሳክ ተገኝቷል፤ በሽተኛው ወባ ይዞት መመርመሪያው «የለም» ሊል ይችላል። የእኛን ተውሳክ የሚያይ መሣሪያ ሌላው እስኪሠራልን እንቀመጥ?

ቂሊንጦ፦ ማይክሮስኮፕ ያየዋል። አምፖሉ ይቀየርለት፤ የተበላሸው ይጠገን።

አቃቂ፦ አሁንም «ይጠገን»! ማን?

ቂሊንጦ፦ በጀቱ አንድ ነው። ለወርክሾፓችሁ የሚሰጠው ብር ከእኔ ኬሚካል ነው የሚቀነሰው። ተማሪዬ መመረቂያዋን በምን ትሥራ?

አቃቂ፦ ከኬሚካሉ አይነካ። ሳይፈታ መጋዘን ከሚያድረው የማሽን ግዢ ይቀነስ።

ቂሊንጦ፦ የትኛው ግዢ? በዝርዝር ጻፈውና እንነጋገር።