ሆቴሉ ተሸጠ፣ እኛስ?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ 7 ዓመት አስተናጋጅ ነኝ። አሁን ሆቴሉ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ሰብስቦን «መልቀቂያ አስገቡና እንደ አዲስ ትቀጠራላችሁ፣ 60 የሥራ ቀን ሙከራ አለ» አለን። 7 ዓመት ትሪ የተሸከመ ሰው ምኑ ይሞከራል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 23 ድርጅት ወደ ሌላ ባለቤት ስለተላለፈ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም እንደሚል አንብቤያለሁ፤ ግን ግማሾቹ ፈርመዋል፣ የቤት ኪራይ አለባቸው፣ አልፈርድባቸውም። በገዛ እጄ መልቀቂያ ከፈረምኩ የ7 ዓመት አገልግሎቴና የሥራ ስንብት ክፍያዬ ውሃ በላው ማለት ነው? አልፈርምም ብዬ ቢያባርረኝስ መጀመሪያ የት ልሂድ፣ ሠራተኛ ጉዳይ ወይስ ፍርድ ቤት? የሰጠን ቀን እስከ ሰኞ ነው። እንዲህ የገጠመው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።