ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሌዘር ጀልባዬ እየተገለበጠች አስቸገረችኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ወገኖች። ያገለገለች ሌዘር የምትባል የአንድ ሰው የሸራ ጀልባ ገዛሁ፤ ባለ 7.06 ካሬ ሜትር ሸራዋን፣ አሁን ኢልካ 7 የሚሏትን። እኔ 64 ኪሎ ነኝ። ነፋሱ ከፊትም ከጎንም ሲሆን ደህና ነኝ። ጠንከር ብሎ ከኋላ ሲመጣ ግን ግራ ቀኝ ትወዛወዝና እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ትገለበጣለች። ስደነግጥ የሸራውን ገመድ እለቃለሁ፤ ይብስባታል። ጥፋቱ የጀልባዋ ነው የኔ?

ሸራ ወዳድ፦
የሁለታችሁም። የሌዘር ምሰሶ ከጎን የሚይዘው ሽቦ የለውም። ስለዚህ ቡሙ፣ የሸራውን ግርጌ የሚይዘው አግድም ዘንግ፣ ከ90 ዲግሪ አልፎ ወደ ፊት መሄድ ይችላል። ያኔ ነፋሱ ምሰሶውን ወደ አንተ ይገፋዋል። ገመድ ስትለቅማ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው! ወደ አንተ ማዘንበል ስትጀምር ገመዱን ቶሎ ሰብሰብ አድርግ፤ በመሪው ደግሞ ወደ ነፋሱ መለስ አድርጋት። ቡሙን ወደ ታች የሚይዘውን ገመድ፣ ቫንጉን ማለቴ ነው፣ ጨርሰህ አታላላው። ሲላላ የሸራው ጫፍ ወደ ፊት ይጠመዘዛል፤ ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው።

የውሃ ልጅ፦
ከጀልባዋ ሆድ ወደ ውሃ የሚወርደውን የመሃል ሰሌዳስ ምን ያህል ወደ ላይ ታወጣዋለህ?

ጀማሪው፦
ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል። ፍጥነት ይጨምራል ሲሉ ሰምቼ ነው።

የውሃ ልጅ፦
በለው! ውዝዋዜውን የሚያበርደው እሱ እኮ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ግማሹን ውሃ ውስጥ ተወው። አንተም ትንሽ ወደ ኋላ ተቀመጥ፣ አፍንጫዋ ማዕበል ውስጥ እንዳይቀበር።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ። ሸጬያት ኮንቴንደር የምትባለውን ሌላ የአንድ ሰው የሸራ ጀልባ ብገዛስ? ፈጣን ናት ይላሉ።

ነባሩ፦
ፈጣንስ ፈጣን ናት። ቦብ ሚለር በ1967 የነደፋት ናት፤ በኋላ ስሙን ቀይሮ ቤን ሌክሰን የተባለው ሰውዬ። ርዝመቷ 4.88 ሜትር ገደማ ነው። ምሰሶዋ በሽቦ የተያዘ ስለሆነ ቡሙ እንደ ሌዘር ወደ ፊት አያልፍም። ግን ብቻህን ከምሰሶው በሚወርድ ሽቦ ከጀልባዋ ውጭ ተንጠልጥለህ መሪም ገመድም ትይዛለህ። አንዱን ችግር ሸጠህ ሌላ መሸመት ነው። ለ64 ኪሎ እኔ የምመክርህ አነስ ያለውን የኢልካ 6 ሸራ፣ 5.76 ካሬ ሜትሩን፣ ከአጭሩ የታችኛው ምሰሶ ጋር መግዛት ነው። ቀፎው፣ የጀልባዋ አካል ማለቴ ነው፣ ያው ነው፤ ያለችህን ጀልባ አትሸጥም።

ጀማሪው፦
ዛሬ ሞከርኩት። ሰሌዳውን ግማሽ፣ ቫንጉን ጠበቅ። አንዴ ብቻ ነው የተገለበጥኩት፤ እሱም ሸራውን ወደ ሌላው ጎን ሳዞር ቡሙ ጭንቅላቴን ብሎኝ።