ለፊያት 124 ኢንጀክሽን ሞተር ፕሌነም ማሠራት፦ ልኩ እንዴት ይወሰን?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ፊያት 124 ላይ ባለ ሁለት ካምሻፍት 1,995 ሲሲ የፊያት ሞተር ገጥሜያለሁ። ቤንዚን የሚያገኘው በኢንጀክተር ነው፤ ኮምፒውተሩም የማኒፎልዱን፣ ማለትም አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰውን ክፍል፣ ግፊት በሴንሰር እያነበበ ይመጥናል። አብሮት የመጣው ማኒፎልድ ግን ኮፈኑን ይነካል፣ ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያልፍ በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) የሚያርፍበት ፊቱም ተበልቷል። ስለዚህ ፕሌነሙን፣ ማለትም በስሮትሉ (ነዳጅ ሲረገጥ በሚከፈተው የአየር በር) የገባው አየር ተጠራቅሞ ለአራቱ ቱቦዎች የሚከፋፈልበትን ሳጥን፣ ከነቱቦዎቹ በአሉሚኒየም ላሠራ ነው። ሰው ሁሉ «ሳጥኑን ትልቅ አድርገው፣ ደጋ ላይ የሚያንሰውን አየር ያካክስልሃል» ይለኛል። እውነት ነው? ስንት ሊትር ይሁን? ቱቦዎቹስ ምን ያህል ይርዘሙ? መኪናው የሚመላለሰው ሸዋ ሮቢት ነው። የጣርማበርን ዳገት ሳይጨነቅ እንዲወጣልኝ እንጂ ውድድር አላስብም።

ነባር መካኒክ፣ ደብረ ሲና

ልጄ፣ ሳጥን አየር አይፈጥርም። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 71 ኪሎ ፓስካል ነው፣ በባሕር ጠለል ደግሞ 101። ሠላሳ በመቶ ያህሉ ጎድሏል ማለት ነው። የጎደለውን የሚመልስልህ አየር በግድ የሚያስገባ ነገር፣ ቱርቦ ወይም ኮምፕረሰር ነው። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ግፊቱ 87 አካባቢ ይደርሳል፤ ያኔ ሞተርህ ምንም ሳትነካው ጉልበት ይጨምራል። ኮምፒውተርህ ግፊት የሚያነብ መሆኑ ለዚህ መንገድ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ የሴንሰሩን፣ የሰርቮ ፍሬኑን (በሞተሩ የአየር ስበት ፍሬን የሚያግዘውን) እና የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውን የስበት ቀጭን ቱቦ ከሳጥኑ ላይ አውጣ፣ ከአራቱ የአየር ቱቦዎች ከአንዱ ላይ አይሁን። ሰርቮውን ከአንድ ቱቦ ያወጣህ እንደሆነ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ያ ሲሊንደር ብቻ ቤንዚን ያጥረዋል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይንቀጠቀጣል። ሴንሰሩም የአንዱን ሲሊንደር ትንፋሽ እያነበበ ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል።

ሜካኒካል መሐንዲስ፣ አንኮበር

ጋሼ ትክክል ናቸው። ለአንተ ዋናው የቱቦው ርዝመት ነው። ቫልቭ ተከፍቶ ፒስተኑ ሲስብ የዝቅተኛ ግፊት ሞገድ በቱቦው ውስጥ ወደ ሳጥኑ ይሮጣል፤ አፉ ላይ ሲደርስ ከፍተኛ ግፊት ሆኖ ይመለሳል። ቫልቩ ሳይዘጋ ከደረሰ ተጨማሪ አየር ይገፋል። ቱቦው ሲረዝም ጉዞውም ስለሚረዝም ጥቅሙ በዝቅተኛ ዙር ላይ ይመጣል። ክራይስለር በ1960 ሞዴሎቹ ላይ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቱቦ የገጠመው ለዚህ ነበር፤ ለከፍተኛ ዙር ሲፈልግ ግን ግማሽ ያህሉን አሳጠረው። ዳገት በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣ ሰው ረጅሙን ይምረጥ። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ውስጥ ያለውን መንገድ ጨምረህ ከቫልቩ እስከ ቱቦው አፍ 40 ሳንቲ ሜትር ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ኮፈኑ ከፈቀደ ጨምር። ቱቦዎቹን ወደ ላይ አጥፈህ ሳጥኑን ከቴስታታው በላይ ብታመጣው ቦታ ይገኛል። አራቱም እኩል ይሁኑ።

የሳጥኑ ይዘት ከሞተሩ ይዘት እኩል እስከ አንድ ተኩል እጥፉ፣ ማለት ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ነዳጅ ስትረግጥ መልሱ ይዘገያል። የቱቦዎቹ አፍ እንደ መለከት ይከፈት፤ ስለታም ጠርዝ አየሩን ይሰብረዋል። ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳም ቢያንስ የቱቦውን ዲያሜትር ያህል ይራቅ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሳጥኑ ሰፊ ሆኖ አፉ ግን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

የአርጎን በያጅ፣ ደብረ ብርሃን

ሥራውን በተመለከተ እኔ ልናገር። ለሳጥኑ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ቴስታታው ላይ ለሚያርፈው ፍላንጅ (በብሎን ለሚታሰረው ወፍራም ጠፍጣፋ) 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ፍላንጁን ወፍራም ብረት ላይ በብሎን ጥፍር አድርገህ እሰረው፤ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በተከታታይ አትበይድ፣ አንዴ አንደኛው ቱቦ፣ አንዴ አራተኛው እያልክ አፈራርቅ። ሳይቀዘቅዝ ከፈታኸው ይጎብጣል። መጨረሻ ላይ ፊቱ ፍሬዛ (ብረት የሚልግ ማሽን) ላይ ይስተካከል።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 በላይ ይፈልጋል። ለብቻው በተቀመጠ የስቴንለስ ብሩሽ ካልተፋቀና በአሴቶን ካልተጠረገ ብየዳው ቀዳዳ ይሆናል። ክዳኑ ሳይዘጋ የውስጡን እንጥፍጣፊ አጽዳ፤ ከተዘጋ በኋላም ደጋግመህ እጠበው። ተቆርጣ የቀረች አንዲት የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ሲሊንደር ትልጣለች። ከዚያ ሁሉን ቀዳዳ ደፍነህ በትንሽ ግፊት አየር ሙላውና የሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ ያወጣበትን ቦታ ድገመው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ 60 ሚሊ ሜትር የቶዮታ ስሮትል አለኝ፤ የሚመቸኝ ከራዲያተሩ በኩል፣ በሳጥኑ ጫፍ ነው። ይሆናል?

ሜካኒካል መሐንዲስ፣ አንኮበር

ለ2 ሊትር 60 በቂ ነው። ጫፍ ላይ ካደረግኸው ሳጥኑን ከስሮትሉ እየራቀ ሲሄድ አጥብበው፤ አለበለዚያ አየሩ ለሲሊንደሮቹ እኩል አይዳረስም። ላሜራ ሳትቆርጥ በፊት በካርቶን ሠርተህ ግጠመው፤ ሞተሩ በተቀመጠበት የጎማ ማረፊያ ላይ ስለሚወዛወዝ ከኮፈኑ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

ነባር መካኒክ፣ ደብረ ሲና

ከታች ወደ ሞተሩ የሚያያዝ ድጋፍ ብረትም አበጅለት። የሳጥኑና የስሮትሉ ክብደት በቱቦዎቹ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ብየዳው ከፍላንጁ ሥር ይሰነጠቃል።