ለሐረጎ ዝናብ የትኛውን የሞተር ጃኬት ልግዛ?
በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ በሞተር ሳይክል እመላለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ስወርድ እርጥብ አስፋልት ላይ ተንሸራትቼ ክርኔ ተላጠ፤ የለበስኩት ተራ የዝናብ ልብስ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ እስክመለስ እንቅልፍ የላትም።

አሁን በሁለት ጃኬቶች መካከል ተቸግሬአለሁ። አንዱ ወፍራም ቆዳ ነው፤ መፋተግን ይችላል፣ ዝናብ ግን ያስገባል። ሌላው የጨርቅ ሲሆን ውኃ የሚከለክለው ስስ ሽፋን ከውስጥ ለብቻው የተሰፋ ነው፤ ስለዚህ የውጭው ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ብርዱም አይጣል ነው። የጥበቃ ደረጃውም «ኤ» ነው፤ ከ«ኤኤ» እና ከ«ኤኤኤ» ያነሰ። የጀርባ መከላከያም የለውም።

ቆዳውን ገዝቼ የዝናብ ልብስ ልደርብበት? ወይስ ሽፋኑ ከውጭው ጨርቅ ጋር የተጣበቀበትን ሌላ የጨርቅ ጃኬት፣ ውድ ቢሆንም፣ አጠራቅሜ ልግዛ? ሐምሌ ደርሷል፤ በዚህ መንገድ የምትነዱ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።