«ባለቤቱ ይምጣና እናክመዋለን» አሉ፤ የተጣለ ፈረስ ባለቤት ከየት ይምጣ?

የመንደራ ልጅ፦
ትናንት ማታ ሬዲዮ የሰማችሁ አላችሁ? ስለ እንስሳት ደህንነት የሚሠራ የአንድ ድርጅት ኃላፊ ቀርቦ ነበር። አንድ አድማጭ ደወለና «አዌቱ ድልድይ አጠገብ እግሩ የተሰበረ ፈረስ ቆሞ ሰንብቷል፤ ደጋግመን ነግረናችኋል፤ ለምን ዝም አላችሁ?» አለው። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ባለቤቱ ይምጣና እናክመዋለን።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ስልጠናው ገባ። ለባለ ጋሪዎች ግንዛቤ ፈጥረናል፣ ፖስተር አሰራጭተናል፣ ባለድርሻ አካላትን አወያይተናል... ፈረሱ ተረሳ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ አየሁት። በሦስት እግሩ ቆሟል፣ ዝንብ ወሮታል። ባለቤቱ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ለምን ይጥለዋል? እስኪ ፍረዱኝ።

ነገረኛው፦
ነገ ቤትህ ሲቃጠል እሳት አደጋ ደውል። «ካርታው በስሙ የሆነ ሰው ይምጣና እናጠፋዋለን» ይሉሃል።

ሂክማ፦
የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ። እኛ ሰፈር ባለፈው ክረምት አንዲት ባዝራ ተጥላ ነበር። ጀርባዋ ተልጦ አጥንቷ ይታያል። ደወልን። መጡ። አልዋሽም፣ መጡ። ፎቶ አነሱ፣ አንደኛው ማስታወሻ ያዘ፣ «ሪፖርት እናደርጋለን» ብለው ሄዱ። የጅማን ጅብ ታውቁታላችሁ፤ ሪፖርት አይጠብቅም።

ከውስጥ፦
እኔ ሬዲዮ ላይ የቀረበው ድርጅት ውስጥ አይደለም የሠራሁት፤ ግን ተመሳሳይ ቦታ ሠርቻለሁ። ስትፈርዱ አንድ ነገር እወቁ። ፈረስ ንብረት ነው። የሰው ንብረት ላይ ያለ ፈቃድ መርፌ ብትወጋና ቢሞት ጣጣው የአንተ ነው። ደርሶብን ያውቃል። አንድ የተጣለ ፈረስ ስቃዩ ይብቃው ብለን አስተኛነው። በማግስቱ «ፈረሴን ገደላችሁብኝ፣ ክፈሉ» የሚል ሰው ከነምስክሮቹ መጣ። ፖሊስ ጣቢያ ተመላለስን። ሲታመም የሌለ ባለቤት ሲሞት ከች ይላል። ኃላፊው «ባለቤቱ ይምጣ» ያለው ወዶ አይደለም።

ነገረኛው፦
እሺ፣ ገባኝ። ባለቤቱ እንዳይከሳችሁ ስለምትፈሩ ባለቤቱን ትጠብቃላችሁ። ባለቤቱም እናንተ እንዳትጠይቁት ይደበቃል። ፈረሱ መሃል ላይ ይቆማል። ጥሩ አሠራር ነው፣ ቀጥሉበት።

ከውስጥ፦
መሳለቅ ቀላል ነው። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

የመንደራ ልጅ፦
እኔ ብሆን ቀበሌ እሄዳለሁ። ከፖሊስ ጋር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። «ይህ ፈረስ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ተጥሎ ተገኘ፣ እስከ ነገ ጠያቂ ካልመጣ ሐኪም ይወስናል» ብዬ አስፈርማለሁ። አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። ለፖስተር የሚበቃ ወረቀት ካላችሁ ለዚህም አይጠፋም።

የነገው ሐኪም፦
የእንስሳት ሕክምና እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። ከሙያው አንጻር አንድ ነገር ልበል። የተጣሉት ፈረሶች ሁሉም እግራቸው የተሰበረ አይደሉም። ብዙዎቹ ቆዳቸው ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት አለባቸው፤ እየፈነዳ መግል ያወጣል። በሽታው ፈንገስ ነው። በቁስል ይገባል፤ ዝንብም፣ ከፈረስ ፈረስ የሚዘዋወር የጋሪ ዕቃም ያስተላልፈዋል። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በፖታሲየም አዮዳይድ ሊታከም ይችላል፤ ግን ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል፣ ለባለ ጋሪ ኪስም ከባድ ነው። መላ ሰውነቱን ካዳረሰ በኋላ ተስፋው የመነመነ ነው። እንግዲህ አስቡት። «ባለቤት የለውም» ተብሎ መንገድ ላይ የተተወው ፈረስ ቁስል ላይ ያረፈው ዝንብ፣ ባለቤት ያለው ፈረስ ቁስል ላይም ያርፋል። ድርጅቶቹ የሚያክሙት ያንን ባለቤት ያለውን ነው። በአንድ እጃቸው የሠሩትን በሌላው ያፈርሱታል።

ሂክማ፦
አንተ ልጅ ተባረክ። ይህን ሬዲዮ ላይ ሄደህ ንገራቸው።

ከውስጥ፦
በሽታውን አናውቅም ያለ ማን ነው? ጥያቄው ማን ይወስን ነው። በነገራችን ላይ «ቃለ ጉባኤ» ያልከው ወንድሜ፣ የቱ ቀበሌ ነው የሚፈርምልህ? ሞክረነዋል። ቀበሌው ግብርና ይላል፣ ግብርናው ማዘጋጃ ቤት ይላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ «እናንተ አይደላችሁም እንዴ ድርጅቱ?» ይላል።

ነገረኛው፦
«ሞክረነዋል» የምትለዋ ቃል ደግሞ ፖስተር ላይ ብትወጣ ታምርባታለች።

ባለ ጋሪ፦
እኔ ብዙ ዘመን ጋሪ ነድቻለሁ። እስኪ እኔም ልናገር። ሁላችሁም «ባለቤት» ትላላችሁ። የቱ ባለቤት? ብዙው ነጂ ፈረሱ የራሱ አይደለም። ባለ ፈረሱ ቤቱ ተቀምጦ የቀን ሒሳብ ይቀበላል። ነጂው ያንን ሒሳብ አስገብቶ በተረፈው ይበላል። ፈረሱ ደከመ ብሎ ቢያቆመው የዚያን ቀን ሒሳብ ከኪሱ ነው። ስልጠናው ላይ የሚጠሩት ደግሞ ነጂውን ነው። እኔም ተጠርቼ ነበር። ሻይና ብስኩት ነበረው፣ አልክድም። «ፈረስ በቀን ብዙ ጊዜ ውሃ መጠጣት አለበት» ብለው አስተማሩን። ፈረስ ውሃ እንደሚጠጣ ከኔ ይልቅ የሚያውቅ ከሆነ ጥሩ። እኔ የምጠይቀው ፉርሽካ በዚህ ዋጋ እንዴት ልግዛ ነው። ለሱ መልስ የለም።

ግን ሐሰት አልናገርም። ነጻ ሕክምና ሲመጡ የፈረሴን ሰኮና አስተካክለውልኛል። በናይለን ገመድ ፋንታ ደረቱን የማይልጥ ሰፊ ማሰሪያ እንዴት እንደሚሠራ አሳይተውኛል። ቁስሉ ዳነ። ይህን ያደረገ ሰው አይሰደብም።

የመንደራ ልጅ፦
ወንድም፣ እሱን ማንም አልካደም። ጥያቄው ፈረሱ ሲያረጅ ምን ታደርጉታላችሁ ነው።

ባለ ጋሪ፦
ምን እናድርገው? በሬ ሲያረጅ ይታረዳል። ፈረስ አይበላ። የሚገዛ የለም። ቤት አስቀምጬ ልቀልበው ብል ልጆቼ ምን ይብሉ? ባጃጁ ከመጣ ወዲህ ገቢው እንደሆነ ወርዷል። ስለዚህ ሰዉ ማታ ወደ ዳር ነድቶ ይለቀዋል። ጥሩ ነው አላልኩም። የሚሆነውን ነው የምናገረው።

ሂክማ፦
«ይለቀዋል» አትበል። ጅብ ይጨርስልኛል ብሎ ነው የሚጥለው፤ ልክ እንደዚያ በል። ዕድሜውን ሙሉ ያበላህን እንስሳ ሌሊት ለጅብ ሰጥተህ እንቅልፍ ይወስድሃል?

ባለ ጋሪ፦
እህቴ፣ የኔው ፈረስ ደጄ ላይ ነው የሞተው። ለኔ አትንገሪኝ።

ቡና ነጋዴ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሰው በሚራብበት አገር ይህን ሁሉ መዓት ለፈረስ? ለነዚህ ድርጅቶች የሚመጣው ብር ለሰው ቢውል ስንት ይሠራ ነበር።

ሂክማ፦
ጀመረ። ጋሪ ሲነዳ የሚበላው ቤተሰብ ሰው አይደለም? ፈረሱ ሲሞት የሚራበው ማን ሆነና?

ነገረኛው፦
ቡና ነጋዴ፣ ያ ቡናህ ከገጠር እስከ አስፋልቱ በምን ጀርባ እንደመጣ ጠይቅ እስኪ።

የፈረንጅ አራዳ ሽማግሌ፦
ልጆች፣ ይህች ከተማ እኮ የፈረስ አገር ነበረች። አባ ጅፋር የሚለው እኮ የፈረስ ስም ነው። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር። ዛሬ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥቱን ለእንግዳ እናስጎበኛለን፤ ታች ወርዶ እንግዳው የሚያየው ግን የቆሰለ ፈረስ ነው። አያሳፍርም?

ነገረኛው፦
ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ የንጉሥ ፈረስ ሌላ የጋሪ ፈረስ ሌላ ነው። ያኔም በቅሎው ጌጥ ሲለብስ ጭነት ተሸካሚዋ አህያ ጀርባዋ ይላጥ ነበር። የድሮውን እንዲህ አናሳምረው።

የፈረንጅ አራዳ ሽማግሌ፦
አንተ ያኔ ነበርክ?

ነገረኛው፦
እርስዎስ?

የመንደራ ልጅ፦
ኧረ ወደ ጉዳዩ እንመለስ!

የነገው ሐኪም፦
እኔ ሌላ ታሪክ ላምጣ። ብሩክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፈረስና የአህያ ድርጅት እንዴት እንደተጀመረ የምታውቁ? ዶሮቲ ብሩክ የምትባል እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ትሄዳለች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር እዚያው ሸጦ የተዋቸው ፈረሶች ነበሩ። አርጅተው፣ አጥንታቸው ወጥቶ ጋሪ ይጎትታሉ። በ1931 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። ብር ተሰበሰበ። በዚያ ብር 5 ሺህ ያህል ፈረሶች ገዛች። አብዛኞቹ ከጥቅም ውጭ ስለነበሩ ስቃያቸው እንዲያበቃ ተደረገ። በ1934 ደግሞ ካይሮ ውስጥ ነጻ ሆስፒታል ከፈተች። ሴትዮዋ «ባለቤቱ ይምጣ» ብላ ቢሮ አልተቀመጠችም።

ከውስጥ፦
ራስህ ተናገርክ እኮ! «ገዛች» አልክ። ከማን? ከባለቤቱ! ባለቤቱ ነበረ፣ ዋጋ ተቀበለ፣ ፈቀደ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው።

የነገው ሐኪም፦
እናንተም ግዙዋ።

ከውስጥ፦
እንግዛ? አንድ ድርጅት የደከመ ፈረስ ይገዛል የሚል ወሬ ይውጣና በሳምንቱ የአጋሮም የሰቃም ፈረስ ግቢያችን ይሰለፋል። ባለ ፈረሱ በዚያ ብር ሌላ ፈረስ ገዝቶ እንደገና ያደክመዋል። ለማድከም ክፍያ ይሆናል።

ባለ ጋሪ፦
ይህ እውነት ነው። እኔ ራሴ አመጣ ነበር።

ሂክማ፦
እሺ አትግዙ። ግን እግሩ የተሰበረውን አንድ መርፌ ወግቶ ማሳረፍ ምን ይከብዳል?

የነገው ሐኪም፦
ሂክማ፣ እሱ እንኳን ይከብዳል። ለማስተኛት የሚሰጠው መድኃኒት ሬሳው ውስጥ ይቀራል። ጅብ ወይም ውሻ ቢበላው እሱም ይሞታል። ጥንብ አንሳም እንዲሁ። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ፈረስ የሚያህል ነገር በአካፋ ቆፍረሽ አትቀብሪም። ኤክስካቫተር ይፈልጋል፣ ቦታም ይፈልጋል። ከተማ መሃል፣ ያውም ወንዝ ዳር፣ የትም አይቀበርም።

ከውስጥ፦
አመሰግናለሁ። ኤክስካቫተሩ ያለው ማን ጋ ነው? እኛ ጋ አይደለም።

ነገረኛው፦
ታዲያ ሬዲዮ ላይ እሱን አትሉም? «እኛ ሐኪምና መድኃኒት አለን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማሽንና ቦታ ይስጠን» ቢል ዛሬ ሁላችንም የምንጮኸው ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ነበር። እሱ ግን ማዘጋጃ ቤቱን ማስቀየም አልፈለገም። ባለቤቱን ማስቀየም ይቀላል፤ ስም የለው፣ ስልክ የለው።

ከውስጥ፦
...እዚህ ላይ አልከራከርህም። ግን ማዘጋጃ ቤቱን በሬዲዮ የነቀፈ ድርጅት በማግስቱ ስብሰባ አዳራሽ እንኳ ያጣል።

የመንደራ ልጅ፦
ይኼው! አዳራሽ! ፈረሱ አዳራሽ ምን ያደርግለታል?

ነገረኛው፦
ሕዝቡም ቢሆን ያው ነው። በ2009 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት አገሩ ሁሉ ጮኾ አዘጋው። ነውር ነው፣ ባህላችን አይደለም ተባለ። ቆዳዋ ቻይና ይሄዳል ሲባል አመመን። በቁሟ ጅብ ሲበላት ግን ባህላችን ነው።

ቡና ነጋዴ፦
እሱስ ልክ ነህ። ግን መፍትሔ በሉ እንጂ። ለምን ፈረሱ ላይ ቁጥር አይደረግም? ጆሮው ላይ ይንጠልጠል። ሲጣል ባለቤቱ ይታወቃል።

ባለ ጋሪ፦
ከነጆሮው ቆርጦት የሚጥለው ይመጣል።

ሂክማ፦
አስተግፊሩላህ! ምን ዓይነት አፍ ነው!

ባለ ጋሪ፦
አላደርገውም፤ የሚያደርገውን ግን አውቀዋለሁ።

ባጃጅ 03፦
ስለ እኛም ተነስቷልና ልናገር። ማታ መንገድ መሃል የቆመ ፈረስ ገጭቼ የፊት መስታወቴ ረግፏል። ተሳፋሪዬም ተጎድቷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፣ እንስሳው ቢያመልጠውም እንኳ። ይህን ጠበቃ ነው የነገረኝ። ታዲያ ባለቤቱን ከየት ላምጣ? ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅኩ። ፈረሱን የሚያውቀው አንድም ሰው ጠፋ።

የመንደራ ልጅ፦
ይኸው ሌላ ባለቤት ፈላጊ። ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ ፈልጉት።

ከውስጥ፦
እሱ ያለውን አስተውሉ ግን። ሕጉ ባለቤቱ ይክፈል ሲል ባለቤቱ የበለጠ ይደበቃል። ለዚህ ነው ጥፋቱን ሁሉ ድርጅት ላይ መጫን ልክ ያልሆነው።

ሂክማ፦
ሁሉን አልጫንንም። እኔ የምፈልገው ለመድኃኒት የወጣውንና ለሆቴል ስብሰባ የወጣውን ጎን ለጎን ጽፈው ይለጥፉልን። ፖስተር ይወዱ የለ?

ከውስጥ፦
ለጽሕፈት ቤታቸው በደብዳቤ ጠይቂ። መብትሽ ነው።

ሂክማ፦
ጠይቄ ነበር። ዳይሬክተሩ ስልጠና ላይ ናቸው አሉኝ።

ባለ ጋሪ፦
ባጃጅ 03፣ መስታወትህ አሳዝኖኛል። ግን ፈረሱስ ምን ሆነ? እሱን ሳትነግረን አለፍክ።

ባጃጅ 03፦
እኔ ምን አውቃለሁ! ተሳፋሪ ይዤ ሆስፒታል ነው የሮጥኩት። ደግሞ ለናንተ መንገድ መሃል መቆም ማን ፈቀደ? ጋሪ ሲነዳም አንድ መብራት የለው፣ አንጸባራቂ የለው።

ባለ ጋሪ፦
መብራት ያልከው ያንተን ባጃጅ ነው? በአንድ ዓይኗ የምትሄደዋን?

ባጃጅ 03፦
አምፖሉ ትናንት ነው የተቃጠለው።

ባለ ጋሪ፦
ሁሌም ትናንት ነው።