ክርክር፦ እህታችሁን ለመድኃኒት ጥናት ታስፈርማላችሁ?

የጣና ዳር ልጅ፦
እስቲ ፍረዱን። እህቴ ባይፖላር፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት አንዴ ድባቴ ውስጥ የሚወድቅበት ሕመም፣ ካለባት ሦስት ዓመቷ ነው። ትናንት ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። የድባቴና የባይፖላር መድኃኒት የሚፈትን ጥናት እዚህ ባሕር ዳር ቢመጣ፣ በዕጣ ለግማሹ መድኃኒቱ ለግማሹ ባዶ ክኒን የሚደርስበት ዓይነት፣ እህታችሁን ታስፈርማላችሁ? እኔ «በፍጹም» አልኩ። አባዬ ደግሞ «ፈረንጅ በራሱ ሞክሮ የላከልንን እስከ መቼ ዝም ብለን እንውጣለን?» አለ።

ባለባጃጁ፦
አባትህን ይቅርታ ጠይቅልኝና፣ ልክ አንተ ነህ። የሙከራ አይጥ አይደለንም። እነሱ በእኛ ሞክረው ይከብራሉ፣ ለእኛ የታክሲ ገንዘብ ይደርሰናል።

ሲስተር ከቀበሌ 14፦
ወንድሞቼ፣ ባዶውን ክኒን ተንኮል አታድርጉት። ድባቴ ላይ ባዶ ክኒን ወስደውም የሚሻላቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ድባቴ በራሱ ጊዜ ይለቃል። አንዳንዱን ሰው በየሳምንቱ «እንዴት ሰነበትክ» የሚለው ማግኘቱ ብቻ ያነሣዋል። ማወዳደሪያ ከሌለ ክኒኑ ይሥራ አይሥራ በምን ይታወቃል? እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ትልቅ ግምገማ ወጥቶ ነበር፤ 522 ጥናት፣ 116,477 ሰው፣ 21 የድባቴ መድኃኒት። ሁሉም ከባዶው ክኒን በልጠዋል። ብልጫቸው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይሄን ያህል የሚያስጨበጭብ አይደለም።

የእህትህ ነገር ይለያል። ባይፖላር ላይ የሚሠራ መድኃኒት እያለ እሱን አስጥሎ ባዶ መስጠት ያስጠይቃል። የሄልሲንኪ መግለጫ የሚባል፣ ከ1964 ጀምሮ ያለ የሐኪሞች ደንብ አለ። አዲሱ ነገር ካለው ምርጥ ሕክምና ጋር ይወዳደር ይላል። ከዚያ ለመውጣት ጠንካራ ምክንያት ይጠይቃል።

የዘጌ ሰው፦
ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔ ጸበሌን እጠመቃለሁ፣ ክኒኔንም እውጣለሁ። ጥናት ካመጣችሁ ሁለቱን አብሮ የሚያይ አምጡ።

ፋርማሲስቱ፦
ባለባጃጁ «ይከብራሉ» ላለው። ለባይፖላር የሚሰጠው ሊቲየም ጨው ነው፤ በእሱ ላይ ፓተንት ያለው ሰው የለም። ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ለ10 የማኒያ (ስሜት ከልክ በላይ የሚግልበት) ታማሚዎች ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ያየውን ጻፈ። የመጀመሪያው ታማሚ ተሽሎት ቤቱ ገባ፤ በኋላ ግን በዚያው በሊቲየም ተመርዞ ሞተ። አሜሪካ እስከ 1970 አልፈቀደችውም። ዛሬ መጠኑ በደም እየተለካ ነው የሚሰጠው፣ ኩላሊትና ታይሮይድም ይታያል።

የአባትህ ነገር ውኃ የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው ሊቲየም ደም ውስጥ ይከማቻል። እኛ ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ በባሕር ዳር የመጋቢት ሙቀት፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳንቀምስ የምንውል ሰዎች ነን። ሙስሊሙም ረመዳን አለበት። ሌላም አለ። ተመራማሪዎቹ እነ እሌኒ አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ጂናቸው የተደጋገመ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጉበቱ አንዳንድ መድኃኒት ቶሎ ይጨርሳል፤ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት አንዱ ነው። ስዊድን ውስጥ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። በትክክል እየዋጠ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ሲመጣ ዋሾ አልለውም።

ባለባጃጁ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። ይሁን። ጥናቱ አልቆ መኪናቸውን አስነሥተው ሲሄዱስ? የጎረቤቴ ልጅ ሊቲየም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ሲልክ ነበር። ጥናት እያለ በነፃ፣ ሲያልቅ በልመና?

ሲስተር ከቀበሌ 14፦
አሁን ዋናውን ጠየቅክ። ያው መግለጫ ከጥናቱ በኋላ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚቀጥል አስቀድሞ ይታሰብበት ይላል። ፎርሙ ላይ ከሌለ አይፈረም፣ አለቀ። ጥናት ሁሉ ግን አዲስ ክኒን አይደለም። ጉራጌ፣ ቡታጅራ አካባቢ የተደረገው የጠየቀው ሌላ ነው፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሠፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ሥልጠና በወሰዱ ባለሙያዎች ቢታከም፣ ሆስፒታል በሳይካትሪ ነርስ ከሚታከመው ይብስበታል ወይ? አልባሰበትም። ዕጣ አለ፣ ባዶ ክኒን የለም። ከዘጌ በጀልባ ለሚመላለስ ሰው ይሄ ከአዲስ ክኒን አይበልጥም?

የዘጌ ሰው፦
ይበልጣል እንጂ። ለዚህስ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

እህትየው፦
ወንድሜ ስልኩን ጥሎ ሄዶ አነበብኩት። «ታስፈርማላችሁ» ምን ማለት ነው? የምፈርመው እኔ አይደለሁም እንዴ?

ሲስተር ከቀበሌ 14፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ እኔም ሳላርመው አለፍኩ። ማኒያ ላይ ሳይሆን፣ ረጋ ባልሽበት ቀን ይሁን እንጂ።

ባለባጃጁ፦
ይቅርታ እህቴ። ግን ባዶው ቢደርስሽስ?

እህትየው፦
አሁን በምወስደው ላይ የሚጨመር ከሆነ ባዶም ቢደርሰኝ ግድ የለኝም። ያለውን አስጥለውኝ ከሆነ አልፈርምም። ያለፈው ክረምት ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ጣና ዳር ስዞር ያገኘኝ ይሄው ወንድሜ ነው። እሱንም ሁለተኛ እንደዚያ አላስሮጠውም።