ሁሉ ተሟልቶ ልብ ሲጎድል

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ወገኖች። የእህል ንግዱ ተሳክቶልኛል። ቤት ሠርቻለሁ፤ ልጆቼም ደኅና ናቸው። ማታ ሱቄን ዘግቼ ጋቢዬን ስደርብ ግን ውስጤ ባዶ ይሆንብኛል። እጾማለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። ታዲያ ይህ ናፍቆት የምንድን ነው? በምንስ ይሞላል?

መልስ፣ ከመንዝ፦
ወንድሜ፣ ናፍቆቱ ራሱ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው ብዬ አምናለሁ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ቀስ ብለህ አንብብ። ሳምራዊቷ ሴት አምስት ባሎች ነበሯት፤ ጥሟ ግን አልቆረጠላትም። ጌታ በቀትር ደክሞት ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ ውኃ አጠጪኝ አላት። የሕይወትን ውኃ የሚሰጠው ግን እሱ ነበር። እንስራዋን እዚያው ትታ ነው ወደ ከተማ የሄደችው! እኔ ባሌ ካረፈ ወዲህ ሌሊት እነሣለሁ። ከውዳሴ ማርያም በኋላ የልቤን ሁሉ ለጌታ እነግረዋለሁ። ሐዘኑ አልጠፋም፤ ብቻዬን ግን አይደለሁም።

መልስ፣ ከምንጃር፦
ትቆርባለህ ወይ? ብዙዎቻችን ማዕዱ ቀርቦ ሳለ ከደጅ ተሳልመን እንመለሳለን። የንስሐ አባትህን አነጋግር።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልጅነቴ ወዲህ አልቆረብኩም። የንስሐ አባቴ ለገበያ ሲወጡ ሱቄ ጎራ ይላሉ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን እናነጋግራቸዋለን።